ምንጣፏ ሴሊካና የጋሽ ኪሮስ አይሱዙ

ጥር 12፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት

ዛሬም በሩ ላይ ነው። አይሱዙው። ቂጡን ወደ ቆርቆሮ በራችን አዙሮ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ተወትፎለት፣ የትናንቱ የፍየል ሽታ እንዳለ። መኪናዬን፣ ሴሊካዬን፣ ላንቀሳቅሳት ነበር። ተነሣች፣ ጢሷ ግቢውን ሞላ፣ መውጫ የለም። አጠፋኋት።

ደብተሬ፣ የጋሽ ኪሮስን ነገር ስንት ጊዜ ልንገርህ። ጎረቤቴ ናቸው። ከጽጽቃና ከፃግብጂ ፍየል እየጫኑ ወልድያ ያደርሳሉ። ይህ ሁሉ ሜዳ እያለ የሚያቆሙት የኛ በር ላይ ነው። ምክንያት አላቸው። ፍሬናማኖው፣ የእጅ ፍሬኑ፣ አይዝም፣ በሰፈሩ ደልዳላ ቦታ ደግሞ ይሄ ብቻ ነው። እውነት ነው። እውነት መሆኑ ግን ንዴቴን አያበርደውም።

ሄጄ አንኳኳሁ። ተኝተዋል፤ ሲነጋጋ ነው የገቡት። ልጃቸው ለምለም ወጥታ አባቷን ትቀሰቅስ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አይ፣ ይረፉ አልኩ። ቆሽቴ እያረረ ይረፉ እላለሁ! እዚህ ብቻዬን ስጽፍልህ እንኳ አንቱታውን መተው አቃተኝ።

በእግሬ መ/ቤት ሄድኩ።

ጥር 15፣ አርብ፣ ከ/ሰዓት

ጥምቀት አለፈ፣ ሠርግ ገባ። ሥራ በዛብኝ። በሥራ ቀን የውሃ መ/ቤት ፓምፕ ጠጋኝ፣ ቅዳሜና እሑድ የሙሽራ ሹፌር። ማንም አልቀጠረኝም። በዚህ ከተማ ባለ ሁለት በር፣ ቀይ፣ ዝቅ ያለች የስፖርት መኪና ያለችው እኔ ዘንድ ብቻ ስለሆነች ነው። ዕድሜዋ ከኔ ይበልጣል። ሰዉ "ምንጣፏ" ይላታል፤ ስትሄድ መሬት ላይ የተነጠፈች ትመስላለች።

ዝቅ ያደረግኳት ራሴ ነኝ፣ ደሴ እያለሁ። የአራቱንም እግር ሞላ በእሳት አስቆረጥኩ። ከመቅደስ ጋር የተጫጨንበት ክረምት ነበር። ከደሴ ኮምቦልቻ አስፋልት፣ መስኮት ተከፍቶ፣ መቅዲ እየሳቀች። ከዚያ ሰቆጣ ተመደብኩ። ጠጠር ላይ። የሞላ ቁራጮቹ ደሴ ቀሩ፣ እኔ እዚህ።

ዛሬ ጋሽ ኪሮስ መጡ። ብቻቸውን አይደለም፤ የቤቴን አከራይ መሪጌታን አስከትለው። ነገሩ የከበደ መሆኑ ገባኝ። ለምለም በቅበላ እሑድ፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ዋዜማውን ትዳራለች። ሙሽራዋ በሴሊካዋ እንድትሄድላቸው ይለምናሉ። መሪጌታ አጠገቤ ተቀምጠው እምቢ እንዴት ይባላል? ደግሞ ሌላም ነገር አስቤያለሁ፤ ከዚህ በኋላ በሩን ይለቁልኛል ብዬ። እሺ አልኩ። አፌን ሞልቼ። እኔ ራሴ እነዳለሁ አልኩ። ጋሽ ኪሮስ ትከሻዬን ሳሙኝ። መሪጌታም ቃል እንዳስገባ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ጥር 16፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት

አይሱዙው በሩ ላይ።

ጥር 18፣ ሰኞ፣ ከሥራ በኋላ

ጎይቶም ጋራዥ ነበርኩ። ጋራዥ ስልህ አንድ የባሕር ዛፍ ጥላና አንድ ጉድጓድ። ከኮረም በኩል የመጣ መካኒክ ነው፣ እጁ ጥሩ ነው፣ አፉ ግን አይምርም። ሥሯ ገብቶ ሲወጣ ፊቱ ጥሩ አልነበረም። ኮፓው፣ የሞተር ዘይት የሚይዘው የታችኛው ሳህን ማለት ነው፣ ባለፈው ድንጋይ የሰነጠቀው ቦታ ላይ የለጠፈው ልጥፍ እያበጠ ነው። እንዲህ ዝቅ እንዳለች እንደገና ድንጋይ ከነካው አለቀለት።

"ሐወይ ሱራፌል፣ ይቺን መኪና ወይ አንሣት ወይ ቅበራት" አለኝ፤ ሐወይ ማለቱ ወንድሜ ነው።

ማንሣት ማለቱ ረጅም ሞላ መግጠም ነው። አይሆንም አልኩት። ቅርጿ ይበላሻል። እንዴት ያሳቅቃል፣ በረጅም እግር የቆመች መኪና። እሱ ሳቀብኝ። እኔ ተናደድኩ። ስመለስ የእድሩ ቤት አጠገብ ለደቂቃ ባቆማት ሁለት ባለ ባጃጆች ፊትና ኋላዋን ዘግተው ሻይ ሊጠጡ ሄደዋል። ከመኪናዬ ጋር ቆሜ ጠበቅኳቸው። ሲመጡ ደግሞ ይቅርታ የለም፤ መስተዋቴ ላይ ፀጉራቸውን አስተካከሉ።

ጥር 20፣ ረቡዕ

መቅዲ ደወለች። ውሃ በላኝ።

የሠርጋችን ቀን ተቆረጠ። ቤተ ክርስቲያኑ፣ ቄሱ፣ አዳራሹ። ከዚህ ቀደም ሁለት ጊዜ አስተላልፈናል። አንዴ መንገድ ተዘግቶ። አንዴ ደግሞ በሴሊካዋ ተነሥቼ ዳገቱ አናት ላይ ኮፓው ተሰንጥቆ፣ በፒክአፕ ተጎትቼ ሰቆጣ ተመለስኩ። ያኔ አባቷ ለሽማግሌዎቹ ምን ብለው እንደነገሩ እኔ ነኝ የማውቀው። ሦስተኛ የለም ብላኛለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። በመኪናም በእግርም ና፣ ብቻ ና አለች።

መቼ እንደሆነ ልንገርህ? ቅበላ እሑድ። ጾም ሊገባ ስለሆነ ሌላ እሑድ የለም። የለምለም ሠርግ ቀን።

እሺ አልኳት። እሷንም እሺ አልኳት! ለሁለት ሰው አንድ እሑድ ሰጠሁ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግቢው ውስጥ ሴሊካዋን ዙሬ ዙሬ አየኋት። ከኋላዋ የመሪጌታ ግንብ፣ ከፊቷ በሩ፣ ከበሩ ወዲያ አይሱዙው። እግር ተወርች መታሰር ይሄ ነው።

ጥር 24፣ እሑድ፣ ማምሻ

የሰው ሠርግ። የማላውቃቸው። ሙሽራዋን የኋላ ወንበር ለማስገባት የፊቱን ወንበር አጥፌ፣ ሚዜዋ ከኋላ እየገፋች፣ ቬሎው በሩ ላይ ተይዞ። ሙሽራው እግሩን የት እንደሚያደርግ ጠፋው። መንገዱን የሚያቋርጠው ቱቦ ጋ ስንደርስ ማርሚታዋ፣ የጢስ ማውጫዋ ሆድ፣ ድንጋዩን ፋቀ፤ እንደ ልማዷ ጮኸች። አጃቢው ወርዶ ሲገፋ ሙሽራዋ ውስጥ ሆና ስታለቅስ ሰማሁ። ከደስታም ይሁን ከሙቀት አልጠየቅኩም።

በሰው ሠርግ እስቃለሁ። መቅዲ መስኮት ከፍታ ትስቅባት በነበረችው መኪና የሰው ሙሽራ አመላልሳለሁ።

ጥር 26፣ ማክሰኞ

ጾመ ነነዌ። መሪጌታ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጠብቄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ዮናስ እንኳ ዓሣው ሆድ ውስጥ ያን ያህል አልቆየም፣ አንተ ግን ሰነበትክ አሉኝ። ይቀልዳሉ። ከዚያ ቁም ነገሩን አመጡ። የለመኑኝ መኪናዋን ነው፣ እኔን አይደለም። ቁልፉን ለጋሽ ኪሮስ ሰጥቼ፣ የሚነዳ ሰው ፈልገው፣ እኔ በአውቶቡስ ልሂድ።

አልችልም አልኳቸው። ሁለተኛ ማርሽ ይዘላል፤ ካልያዙት ይወጣል። ፍሪሲዮኗ ከላይ ነው የምትይዘው። እኔ ብቻ ነኝ የማውቃት። መሪጌታ አዩኝ። ከዚያ እንግዲህ አንተ ታውቃለህ ብለው መቋሚያቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ገቡ።

እውነቱን ለአንተ ልንገርህ። ማርሹ ይዘላል። ግን ማርሹ አይደለም። ሰው ሲነዳት ማየት አልችልም። ደግሞ ደሴ በአውቶቡስ፣ በፌስታል ሻንጣ፣ አቧራ ለብሼ ስገባ፣ እነዚያ ሽማግሌዎች ፊት። በሷ መግባት እፈልጋለሁ። ታጥባ፣ አበባ ተደርጎባት። ይሄን ያህል ነው ጉዳዬ። ጻፍኩት፣ አነበብኩት፣ አፈርኩ።

ጥር 28፣ ሐሙስ

ለጋሽ ኪሮስ ልነግራቸው ሄድኩ። ለሠርጉ የሚሆነውን እህል በግቢያቸው ያሰጣሉ። በደስታ አስቀመጡኝ። ጠላ ቀረበልኝ። ስለ ሴሊካዋ ለእንግዶቻቸው ነገሩ፤ ልጄን እንደ ሚኒስትር ልጅ ነው የምወስዳት አሉ። ጠላውን ጠጥቼ ተመለስኩ። ሳልነግራቸው።

ጥር 30፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት 2፡00

የድጅኖ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። በሩን በትንሹ ገፋሁ። የፊት ለፊቱ መንገድ ሙሉ በሙሉ ጉድጓድ። የባሕር ዛፍ ግንድ እያቆሙ ነው። ዳስ!

ደልዳላው ቦታ ይሄ ብቻ ነው። ለአይሱዙም ለዳስም፤ አይሱዙው ራሱ ወደ በራችን ጥግ ተጠግቶ ቆሟል። ከግንቡ እስከ ማዶ አጥር ድረስ። በበራችንና በዳሱ የመጀመሪያ ቋሚ መካከል ሰው ያልፋል፣ በግ ያልፋል፣ ሴሊካ አታልፍም። የሠርግ ዳስ ደግሞ ሠርጉ ሳያልቅ አይነቀልም፤ የመልሱ ቀን እስኪያልፍ ይቆማል። ወጣቶቹ ሲያዩኝ በደስታ ሰላም አሉኝ። ሙሽራዋ ከዳሱ ሥር ነው የምትነሣው፣ መኪናህን የሠርጉ እሑድ ጠዋት እናሳልፍልሃለን፣ አታስብ አሉኝ። እሑድ ጠዋት!

ጎይቶም ጋ ሮጥኩ። አንሣት አልኩት። እሺ፣ ቅርጿ ይበላሽ፣ ብቻ ድንጋይ አትንካ። ከአሮጌ ሚኒባስ የወጣ ሞላ አለው። ለፊት ብቻ። የኋላ የለም። ለፊትም ይሁን።

የካቲት 2፣ ሰኞ

ጎይቶም ዕቃውን ተሸክሞ ግቢ መጣ። በክሪክ አነሣናት፣ ቀኑን ሙሉ። የተቆረጡትን የፊት ሞላዎች ሲያወጣ እጄ ላይ ያዝኳቸው። አጭር ናቸው። ያኔ ሳስቆርጣቸው ምን እንደታየኝ አላውቅም።

ስናወርዳት ፊቷ ተነሣ፣ ኋላዋ እንዳለ ቀረ። ቂጧ ላይ የተቀመጠች ውሻ። ጎይቶም መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ። መሪጌታ ወጥተው አይተው ምንም ሳይሉ ገቡ፤ በር ዘግተው ግን ሳቃቸውን ሰማሁ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ሳልፈልግ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

መ/ቤት ከሐሙስ ጀምሮ ፈቃድ ሰጠኝ። ቤንዚን በጀሪካን አለ። ዘይት ተቀይሯል። ሱፌ ተተኩሷል። ሁሉ ነገር አለ። መውጫ የለም። መውጫ ቢኖርም ቃል አለ።

መቅዲ መልእክት ላከች። ተነሣህ? ብቻ። አልመለስኩም።

የካቲት 4፣ ረቡዕ፣ ከ/ሰዓት

ተናገርኩ። ዳሱ ሥር፣ ሰው ሁሉ ሸራ እየወጠረ፣ ከመሪጌታ ጋር ሆኜ። ጋሽ ኪሮስ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ቀኑ የኔም ሠርግ ነው አልኩ። ቃል እንደገባሁ አልካድኩም። ቀድሜ ባለመንገሬ ጥፋቱ የኔ ነው አልኩ።

መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው አልተቆጡም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ወጣቶቹ መዶሻቸውን አቆሙ። ለሰዉ ሁሉ በሴሊካ ነው የምወስዳት ብዬ አስወርቼ አሉ፣ ለኔ ሳይሆን ለመሬቱ። ቁልፉን አወጣሁ። እውነት አወጣሁ፣ ደብተሬ። ይንዷት ልላቸው።

ያኔ ነው ለምለም የመጣችው። እጇ ሂና፣ ፀጉሯ በግማሽ ተሠርቶ። ከጓዳ ስትሰማ ነበር።

"ኧረ አባዬ፣ እኔ መቼ ሴሊካ አልኩ?"

ከዚያ ዘረገፈችው። ጥር ውስጥ ሁለት ሠርግ አጅባለች፣ ሁለቱንም ሙሽራ ከሴሊካዋ ውስጥ ማንም አላየም። ቁጭ ካሉ ከመስኮቱ በላይ የሚታየው ዘውዱ ብቻ ነው። አንዷ ጓደኛዋ ቬሎዋ ተቀዶ ወረደች። እሷ ይቺን አንዲት ቀን ሰቆጣ ሁሉ እንዲያያት ትፈልጋለች። የአባቷ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ፣ ከፍ ብላ፣ በሁለቱም በኩል መስተዋት። ያደገችበት ወንበር ነው አለች። አባቷ ቅር እንዳይላቸው ነው እስከ ዛሬ ዝም ያለችው። የፍየል ሽታው እንዲታጠብ ብቻ ነው የምትጠይቀው።

ጋሽ ኪሮስ ልጃቸውን አዩዋት። አይሱዙውን አዩት። ፊታቸው ላይ የመጣውን ነገር ልጽፍልህ አልችልም። ሰውዬው ዕድሜያቸውን ያሳለፉበት መኪና ነው።

ያ ሁሉ ጭንቅ። የሰቆጣ ሙሽራ ሁሉ ሴሊካዬን የሚመኝ ይመስለኝ ነበር። አፈርኩ፣ ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ ትንፋሼ እስከ ታች ወረደ።

የካቲት 5፣ ሐሙስ፣ ማምሻ

ወጣች! ልጻፍ፣ እጄ አሁንም ቅባት ነው።

ዳሱን መንቀል አይቻልም፣ ሸራው ተወጥሯል፣ ቄሱ ባርከውታል። ጋሽ ኪሮስ ዙሪያውን ለኩ። ከዚያ በኽምጣኛ ተጣሩ። የዳሱ ወጣቶች፣ የሙሽራው ወገኖች፣ ከማዶ ግቢ ሁለት ካህናት፣ ጎይቶም። እኔ ቋንቋውን ከሰላምታ በላይ አላውቅም፤ ምን እንደሚሉ ግን ገባኝ። በሽተኛ በቃሬዛ ሲያነሡ የሚጣሩት አጠራር ነው። አካባቢው ሁሉ ያንን ሲሰማ ሥራውን ጥሎ ይመጣል።

በአንድ ድምፅ አነሡ። መጀመሪያ ኋላዋን፣ ወደ ጎን። ከዚያ ፊቷን፣ ወደ ጎን። እንደገና ኋላዋን። በግንቡና በቋሚው መካከል እንደ አልጋ አሾለኳት። የኋላ ክንፏ፣ ያ ሻንጣ መክፈቻዋ ላይ የተገጠመው የምኮራበት ጥቁር ክንፍ፣ ሸራው ላይ ተያዘ። ጎይቶም አየኝ። ፍታው አልኩት። ፈታው። ክንፉ ዳሱ ውስጥ ቀረ፤ መሪጌታ ለዳቦ መደርደሪያ ይሆናል አሉ።

ጋሽ ኪሮስ ከፊት ሆነው ይመራሉ፣ ላባቸው ይንጠፈጠፋል። ለካ አይሱዙውን ጠዋት ራሳቸው ወስደው ወንዙ ዳር አሳጥበውታል። በሩ ባዶ ነው። ከዳሱ ቋሚ በቀር እንዲህ ባዶ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ቆሜ አየሁት። ከዚያ ትከሻቸውን ሳምኩ፣ እሳቸው ደግሞ ለሙሽራህ ሰላምታ አድርስ አሉኝ። ልጃቸውን ሳላጅብ መሄዴ አሁንም ያመኛል። አልካድኩም፣ ነገርኳቸው።

ንጋት ላይ እነሣለሁ። ደውዬ ለመቅዲ ነገርኳት። ስታለቅስ ሰማሁ፣ ከዚያ መስመሩ ተቆረጠ።

የካቲት 6፣ አርብ፣ ጠዋት

ዳገቱ አናት ላይ ነኝ። ጉልበቴ ላይ እየጻፍኩ ነው።

ጥሩ መጣች። ፊቷን አንሥታ፣ ኋላዋን እየጎተተች፣ ግን መጣች። የፊቱ ሞላ ድንጋዩን ሁሉ አሳለፈ። እስከዚህ። ከዚያ የዘይቷ መብራት በራ። ወርጄ ሥሯ ተጋደምኩ። ድንጋይ አልነካትም። ልጥፉ ራሱ ነው፣ ደክሞት። ጠብ፣ ጠብ። ባለፈው የተሰነጠቀችበት ቦታ ከዚህ ቅርብ ነው። ያኔ ፒክአፕ አስቁሜ ወደ ኋላ ተጎተትኩ።

ወደ ኋላ ቁልቁለት ነው። ሞተር ባይነሣም ይወስደኛል። ጎይቶም ይለጥፋታል። በሩ ባዶ ነው። ለካ በሩ ባዶ ሲሆንም መመለስ ያምራል።

አልተመለስኩም።

መንገድ ሠሪዎች ጠጠር ያከማቹበት የነበረ ሜዳ አለ። ገፋኋት። ለሁለት መኪና ሳይሆን ለሃያ መኪና የሚበቃ፣ ደልዳላ። ፊቷን ወደ ደሴ አድርጌ አቆምኳት። ከፊቷ ማንም የለም። ከኋላዋ ማንም የለም። አይሱዙ የለ፣ ባጃጅ የለ፣ ዳስ የለ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ማቆሚያ አምሮኝ ነበር።

የወልድያው አውቶቡስ ከታች ይሰማል፣ ማርሽ እየቀየረ። ሱፉን ከኋላ ወንበር አወጣሁ። አቧራ ነክቶታል፤ ይሁን። ለመቅዲ በአውቶቡስ እየመጣሁ ነው ብዬ ጻፍኩ፤ ኔትወርክ የለም፣ መስመር ስናገኝ ይደርሳታል።

ኮፈኗን በእጄ ነካኋት። ሙቅ ናት።

አውቶቡሱ ታየ። በሩን ቆለፍኩ። ከዚያ መልሼ ከፈትኩ። ቁልፉን መሪው ሥር ሰክቼ ተውኩት። ማርሽዋን ነጻ አደረግኩ። ምናልባት የሰው መንገድ ዘግታ ከሆነ፣ የመጣ ሰው ገፍቶ እንዲያልፍ።